ለመልስ የተተወ ዝምታ

ውድ እታለም፣

ይህን የምጽፍልሽ ከመደብሩ ውስጥ፣ ከሚስማር ሣጥኖቹ ጀርባ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ገበያው ዛሬ ቀዝቅዟል። ባለሱቁ ደጅ ላይ ቆሞ ከጎረቤቱ ከቀለም ሻጩ ጋር ይጨቃጨቃል፤ እስኪታረቁ ድረስ ማንም አይፈልገኝም። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ የጤና እንደማይመስል አውቃለሁ። ቢሆንም ቀድመሽ የተናገርሽኝ አንቺ ነሽ። ሰው ከሞተ በኋላ ተናግሮኝ ዝም ብል ደግሞ ከእብደቱ የባሰ ነውር መሰለኝ።

ፍራሽ የምንሰፋበትን ክፍል ታስታውሻለሽ? አባባ ካረፈ በኋላ እማዬ ብቻዋን አልቻለችውም። ከሁለታችን አንዳችን ትምህርት ቤት፣ አንዳችን ጥጡ ላይ መሆን ነበረብን። አንቺ ታላቅ ነሽ፣ ትምህርቱንም ጀምረሽው ነበር፤ ዕጣው ላንቺ ወጣ። ቅር አላለኝም ብልሽ ውሸት ነው። ግን አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ እኔም የተመለስኩ ይመስለኝ ነበር። ዩኒፎርምሽን ሳትቀይሪ ጥጥ በተበተነበት ወለል ላይ ትቀመጪና አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ትያለሽ። ከዚያ እርሳስሽን የጠረጴዛው እግር ላይ ጠቅ። ጠቅ ማለት «ተራሽ ነው» ማለት ነበር። ብዘገይም አትቆጪኝም። ዝም ብለሽ ትጠብቂኛለሽ። እንዳንቺ መጠበቅ የሚችል ሰው ከዚያ በኋላ አላየሁም። እማዬ ከወስፌዋ ቀና ብላ፣ ይቺ ልጅ እርሳስ ጨረሰች እንጂ ቃሉን አልጨረሰችውም እያለች ትስቅብን ነበር።

እማዬ ትስቅ እንደነበር የማውቀው ከዚህ ብቻ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የገባሽ ቀን የሰፈሩን ሰው ሁሉ እየዞረች የነገረችው እሷ ናት። ሦስተኛ ዓመት ላይ እያሳለሽ ለዕረፍት ስትመጪ ደግሞ ፈተናሽ ደርሶ ነበር። «ጉንፋን ነው፣ ይለቅሻል። ይህን ሁሉ ዓመት የተደከመበት ነገር በሳል ይቀራል?» ብላ ሻንጣሽን ያነሣችው ራሷ ነበረች። መኪናው ድረስ ተሸክማው ሄደች። ቀጥሎ ስትመጪ በሰው ትከሻ መጣሽ።

ከዚያ ወዲህ ስምሽ ቤታችን ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም ነበር። ፎቶግራፍሽ ከሣጥኑ ሥር፣ ከሁሉም ልብስ በታች ገባ። አንዳንዴ እማዬ ሥራ ላይ ሆና «ይቺ ልጅ እኮ…» ብላ ትጀምርና ታቆማለች። እኔ ወይም እንግዳ ቢኖር፣ የምትጨርስ መስሎን እንጠብቃለን። አትጨርስም። ደግሞ ጠረጴዛ ማንኳኳት ክልክል ሆነ። እንዲህ ብላ ከልክላ አይደለም። እንግዳ መጥቶ እያወራ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ካደረገ፣ እማዬ ምንም ሳትል እጇን ትዘረጋና የሰውየውን እጅ በመዳፏ ታስተኛዋለች። ሰው የእርጅና ፀባይ መስሎት ያልፈዋል። እኔ ግን ጣቱ ጠረጴዛውን ሲነካ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ።

ስለ ትምህርት አንድ ጊዜ ብቻ ተናግራኛለች። ከቀብርሽ በኋላ ጎረቤታችን፣ እንግዲህ ታናሿን አስገቢያት ስትላት፣ «ትምህርት ልጅ ይበላል» አለች። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

እኔም እዚህ መደብር ተቀጠርኩ። ሚስማርና ማጠፊያ የሚጠቀለለው በአሮጌ መጽሐፍ ወረቀት ነው፤ ባለሱቁ በኪሎ ይገዛዋል። መጽሐፍ አይደለም የሚመጣው፣ የተገነጠለ ገጽ ነው። የእንግሊዝኛ ሰዋስው የተማርኩት ከዚያ ነው፤ ስለዚህ ከመሃል ጀመርኩ። ከደንቡ በፊት ከደንቡ የሚያፈነግጠውን አወቅሁ። አንድ ገጽ ላይ ጀማሪዎች የሚሠሯቸው ሦስት ስሕተቶች ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሁለቱን አንብቤ ሦስተኛው ወደሚቀጥለው ገጽ ሲያልፍ፣ ያንን ገጽ ለካ ባለሱቁ ለአንድ አናጢ ማጠፊያ ጠቅልሎበታል። እስከ ዛሬ ስሳሳት ያ አናጢ ይዞብኝ የሄደው ስሕተት ይሆናል እላለሁ። ባለሱቁ ወረቀት ይዤ ስፈዝ ባየኝ ቁጥር «ፕሮፌሰር፣ ሚስማሩን መዝኚልን እንጂ» ይለኛል። ክፉ ሰው አይደለም። ኋላ ላይ ጥሩ ጥሩውን ገጽ ለይቶ ያስቀምጥልኝ ጀመር።

እንዲህ እየለቃቀምኩ፣ በግል እየተፈተንኩ፣ ፀጉሬ ሲሸብት ያንቺ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለኝ። የሰንበት ተማሪ ነኝ። ትምህርት ክፍሉም ያንቺው ነው፣ እንግሊዝኛ። ቅዳሜና እሑድ የት እንደምሄድ ለእማዬ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ጠይቃ መልሱን መስማት አልፈለገችም መሰለኝ።

የሕንፃው ደረጃ መሃል መሃሉ ተበልቷል። ከበሉት እግሮች አንዱ ያንቺ ነው እያልኩ እወጣለሁ። ክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበሮቹ አሮጌ ናቸው፣ ብዙ ስም ተቀርጾባቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን ስምሽን ፈልጌ ነበር። ከዚያ ተውኩት፤ አንቺ ወንበር የምትቀርጪ ልጅ አልነበርሽም።

አብረውኝ የሚማሩት ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። «ማዘር» ይሉኛል። የሰዋስው መምህራችን ቀጭንና ከወገቡ ጎበጥ ያለ ነው፤ አንድ ነገር ከተናገረ በኋላ ሳይጨርስ ትንፋሽ ይወስዳል። ተማሪዎቹ «ነጠላ ሰረዝ» ይሉታል። እሱም የሚያውቅ ይመስለኛል። ነጠላ ሰረዝ ጎበዝ አስተማሪ ነው። ዓረፍተ ነገሩን እንደ ሰዓት ፈታትቶ ሰሌዳው ላይ ይዘረጋዋል፤ እኛ ስንገጥመው ሁልጊዜ አንድ ጥርስ ይተርፈናል። በእንግሊዝኛው ከስም ፊት የምትገባዋን ትንሿን ቃል፣ «ዘ»ን፣ እንኳ እስካሁን አልለመድኳት። እንደ ጨው ናት፣ ስትጎድልም ስትበዛም ያስታውቃል ይለናል። የእኔ ሁሌ ይበዛል።

አንድ ቀን ስለ ግስ ቦታ ሲያስረዳ፣ በእኛ ቋንቋ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሰውየው መጣ ይሁን ሄደ፣ ዳነ ይሁን ሞተ፣ ተናጋሪው እስኪጨርስ መጠበቅ ነው አለ። እንግሊዞቹ ግን ገና ሲጀምሩ ይነግሩሃል። ልጆቹ ሳቁ። እኔ የእማዬን «ይቺ ልጅ እኮ» አሰብኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ግሱን ስንጠብቅ ኖርን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣልሽ።

በኮሪደሩ መጨረሻ የማዳመጫ ክፍሉ አለ። ታውቂዋለሽ። እያንዳንዱ ሰው በጣውላ በተከፈለች ጠባብ ቦታ ይቀመጥና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ያደርጋል። የክፍሉ ኃላፊ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ባለካሴቱ» ይላቸዋል። ከፊት ተቀምጠው ካሴቱን ያስነሣሉ። አንዲት ሴት ዓረፍተ ነገር ታነባለች፣ ከዚያ ለተማሪው መልስ ዝምታ ይተዋል፣ ከዚያ ሴትየዋ ትክክለኛውን ትደግመዋለች። እንዲህ እያለ ይሄዳል። ልጆቹ አይወዱትም። ሴትየዋ ዛሬም ልታፋጥጠን ነው ይላሉ።

የመጀመሪያው ቀን ማዳመጫውን አደረግሁ። ሴትየዋ አንድ ዓረፍተ ነገር አነበበች። ከዚያ፣ ጠቅ።

ከማወቄ በፊት መለስኩ። አፌ ነው የመለሰው፣ እኔን ሳያማክር። ሁለተኛውን አነበበች። ጠቅ። መለስኩ። ሦስተኛው ላይ ማዳመጫውን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ጫንኩት። ድምፅሽን አላወቅሁትም ነበር፣ እታለም። በእንግሊዝኛ ስትናገሪ ድምፅሽ ከፍ ይላል፣ ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረገ ሰው ይመስላል። ያወቅሁት እርሳስሽን ነው። ከእርሳሱ ተነሥቼ ወደ ትንፋሽሽ፣ ከትንፋሽሽ ወደ አንቺ ደረስኩ።

አጠገቤ ያለችው ልጅ ጣውላውን አልፋ አየችኝ።

«ማዘር፣ ደህና ነሽ? ፊትሽ እኮ ገረጣ።»

ቁርስ አልበላሁም አልኳት። ብስኩት ሰጠችኝ። ብስኩቱን በእጄ እንደያዝኩ ትምህርቱ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ያንን ክፍል ሆነ። ሚስማር ስመዝን ሚዛኑ ኳ ባለ ቁጥር ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ፈራሁ ብልሽ ትስቂብኛለሽ። ግን ፈርቼ ነበር። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት እርሳስ አንሥተው እንዳንቺ ጠቅ እያደረጉ ሲቀልዱ፣ ክፍሉ ውስጥ የቆምሽ ይመስለኝና ዘወር እላለሁ። አንድ ሰሞን ደግሞ ተናደድኩብሽ። ለማያውቁሽ ልጆች ይህን ሁሉ ዓመት ስትናገሪ እኔና እማዬ በዚያ ቤት ዝምታ ታፍነን ነበር።

ያለፈ ጊዜን በምንማርበት ሳምንት ሌላ ካሴት መጣ። መስኮቱን እየዘጋሁ ሳለ ዝናቡ ጀመረ የሚል ዓረፍተ ነገር አለው። እሱን አንብበሽ ዝምታው መሃል ላይ ሳልሽ። ደረቅ ሳል አይደለም፤ ከታች የሚመጣ ነው። ከዚያ በገዛ ቋንቋችን፣ ከማይክራፎኑ ዘወር ብለሽ፣ «ይቅርታ። ከመጀመሪያው ልበለው?» አልሽ። ልጆቹ ሳቁ። በየዓመቱ እዚያ ቦታ ላይ ይሳቃል አሉኝ። እኔ ማዳመጫውን አወለቅሁት፤ ሳሉ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

ሁሉም ሲወጡ ወደ ባለካሴቱ ሄጄ ማን ናት አልኳቸው።

ገመድ እየጠቀለሉ ነበር የነገሩኝ። ከውጭ የመጡት ካሴቶች ተበላሽተው ስለነበር የዚያን ጊዜው መምህር ጥሩ የምታነብ ተማሪ መርጦ በእሷ አስቀረጸው። እሳቸው ያኔ ገና ረዳት ነበሩ። የመንገዱ ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነው ነበር። ልጅቷ ታማ ነበር። ስታስል ማሽኑን ያቆማሉ፣ ሲተዋት ይቀጥላሉ። አንዱ ሳል ብቻ አመለጣቸው።

«እርሳሱስ?» አልኳቸው።

«እሱማ መምህሩ ተቆጥቷት ነበር። ይቅር፣ ድምፅ ያበላሻል አላት። እሷ ግን አሻፈረኝ አለች። ‹ካለ እሱ አትመልስም› ነው ያለችው። ማን እንደሆነች እንጃ። ቤት ለምትሰማ ሰው አንድ ቅጂ አዘጋጅልኝ ብላኝ ነበር። አዘጋጅቼም… አልመጣችም።» ከዚያ ገመዱን መጠቅለል ተዉ። «አንቺ ነሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ይህን ሁሉ ዓመት የአገር ልጅ ሁሉ ሲመልስልሽ የነበረው በእኔ ተራ ነው፣ እታለም። የኔን ሽልማት ሌላ ሰው እየተቀበለ እንደኖረ ያህል ቀናሁ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ባለካሴቱ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩና ሌላ ነገር ነገሩኝ። ተርሙ ሲያልቅ ክፍሉ ይፈርሳል። ኮምፒዩተር ይገባል፤ ድምፁም አዲስ ነው፣ ዝምታ የለውም፣ ቶሎ ካልመለስሽ ያልፍሻል። ካሴቶቹ ወደ መጋዘን ይሄዳሉ፣ ከዚያም ወዴት እንደሚሄዱ አይታወቅም። ስለዚህ የፈለግሽውን ሞባይልሽ ላይ ልገልብጥልሽ አሉኝ።

«ሳሏን ላውጣው እንዴ? ይወጣል። ንጹሕ አድርጌ እሰጥሻለሁ።»

ላስብበት አልኳቸው።

ያሰብኩት ስለ ራሴ አልነበረም። እማዬ ጆሮዋ እየሄደ ነው። ቀኙ አልቋል፤ ሐኪሙ ግራውም ብዙ አይቆይም ብሏል። ልጇን ልትሰማ ከሆነ አሁን ነው፤ ዓመት ሳይዞር ዕድሉ ከእጃችን ይወጣል። ግን ያንን ሳል ሰምታ ትችለው ይሆን? ያን ቀን ያነሣችውን ሻንጣ አንድም ቀን አስቀምጣው አታውቅም፣ እንደተሸከመችው ነው። ሳሉን ባስወጣውስ? ታዲያ ያለ ሳል የምትናገረዋ ማን ናት? ደህና ሆና የማታውቅ፣ ያልነበረች ሌላ ልጅ ይዤላት ልገባ ነው። እንዲህ እያልኩ በልቤ ስመላለስ ሰነበትኩ። ባለሱቁ፣ ሰሞኑን ሚስማር በስህተት ትመርቂያለሽ፣ ደንበኛ በዛልኝ አለኝ።

መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት፣ እማዬ የትራስ ልብስ እየሰፋች፣ ከግራዋ በኩል ተቀምጬ ነገርኳት። የእታለምን ድምፅ አገኘሁ አልኳት። ትማርበት በነበረው ቦታ ካሴት ላይ ቀርቶ ነበር አልኳት። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካች። ተነሣች። ጓዳ ገብታ የታጠቡትን ብርጭቆዎች ሁሉ እንደገና አጠበቻቸው። እኔም በቃ ብዬ ተውኩት።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ ቦርሳዬን ይዤ ልወጣ ስል፣ ከአልጋዋ ላይ ሆና ጠራችኝ።

«ያ ነገር፣ እስካሁን አለ?»

«አለ እማዬ።»

«ጆሮዬ ሳያልቅ።»

እኔም ቀጥታ ወደ ባለካሴቱ ሄድኩና እንዳለ ገልብጡልኝ አልኳቸው። እርግጠኛ ነሽ ሲሉኝ፣ ሳሉም የሷ ነው አልኳቸው።

በማግሥቱ እሑድ ከትምህርት ቀረሁ። ረፋድ ላይ ፀሐይ ጠረጴዛው ድረስ ገብታ ነበር። የሞባይል ድምፅ ትንሽ ስለሆነ ከባዶ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አቆምኩት፤ እንዲህ ሲሆን ድምፁ ይጎላል። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንግዳ እንደሚመጣባት ሰው ተቀመጠች። ግራ ጆሮዋን ወደ ሳህኑ አዘነበለች። አስነሣሁት።

አንድ ዓረፍተ ነገር አነበብሽ። ጠቅ።

የእማዬ እጅ ወዲያው ተዘረጋ። ልማዷ ነው፤ የእንግዶቹን እጅ እንደምታስተኛው ሁሉ ያንቺንም ልታስተኛው ነበር። መዳፏ ባዶ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። እዚያው ተወችው፣ አላነሣችውም።

«ለማን ነው የምትናገረው?» አለችኝ።

«ለሚሰማት።»

«ምን አለች?»

«ወንድሜ ገና ከገበያ አልተመለሰም አለች።»

እማዬ ቅንድቧን ሰበሰበች። «ወንድም የላትም እኮ።»

«መልመጃ ነው እማዬ።»

«መልመጃስ ቢሆን፣ ምን ያስዋሻታል?»

ሳቄ መጣ። እሷም ልትስቅ ደርሳ ነበር፣ አፏ ጥግ ላይ አየሁት። ቀጥሎ ቁልፉ የት እንዳለ ታውቂያለሽ የሚለው መጣ። ተረጎምኩላት። ጠቅ። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ።

«ከበሩ ጀርባ ነው» አለች ወደ ሳህኑ ጎንበስ ብላ። «ከድሮ ቦታው አልተነሣም።»

ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ መተርጎም ብቻ ሆነ። አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እርሳስሽ ጠቅ ይላል፣ እማዬ ትመልሳለች። ባቡሩ ዘገየ ስትዪ፣ ምን አስቸኮለሽ ትልሻለች። ሐኪሙ ነገ ይመጣል ስትዪ፣ ምነው ያኔ በመጣ አለች። ለተማሪ የተተወውን ዝምታ አንዱንም ባዶ አላሳለፈችም። የእንግሊዝኛውን ትርጉም የምትጠብቀው እንኳ አንዳንዴ ነው፤ ሌላ ጊዜ እርሳሱን ብቻ ሰምታ ትመልሳለች። እሷም ታውቀው ነበር ለካ። እኔ ጥጥ እየፈለቀቅሁ ወለሉ ላይ ስንጫወት፣ ወስፌዋን ይዛ ትሰማ የነበረችው እሷ ናት።

ሳሉ እየቀረበ ነበር። ቦታውን አውቀዋለሁ። ጣቴን ሞባይሉ ላይ አድርጌ ነበር፤ ማቆም እችል ነበር። መስኮቱን እየዘጋሁ ሳለ ዝናቡ ጀመረ አልሽ። ተረጎምኩላት። «ዝጊው ልጄ፣ ብርድ እንዳይገባሽ» አለች።

ከዚያ ሳልሽ።

እማዬ አልጮኸችም። አላለቀሰችምም። ወደ ኋላ አላለችም። ጆሮዋን ይበልጥ አስጠጋች፣ እንደ ሐኪም። ቀጥሎ አንቺ፣ እሷ ያለ እኔ ትርጉም የምትሰማውን ብቸኛ ነገር ተናገርሽ። ይቅርታ አልሽ። ከመጀመሪያው ልበለው አልሽ።

«አንቺ ምን አደረግሽ፣ ልጄ» አለች እማዬ። ድምፅዋ ፍራሽ የምትሰፋ ሰው ድምፅ ነበር፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው። «እኔ ነኝ እንጂ። ሂጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ።» ካሴቱ ትንሽ ቆየ። «በይ፣ ከመጀመሪያው በይው። እየሰማሁሽ ነው።»

አንቺም ከመጀመሪያው አልሽው። መስኮቱን እየዘጋሁ ሳለ ዝናቡ ጀመረ። ያለ ሳል፣ ቀስ ብለሽ፣ ጥርት አድርገሽ። ጠቅ። ይህኛውን ዝምታ እማዬ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ እያሸች አሳለፈችው።

መጨረሻ ላይ ለዛሬ ይበቃል የምትዪው መጣ። ነገርኳት።

«ይበቃታል» አለች። «ደክሟታል።»

ያን ቀን ከሰዓት ልብስ እያሰጣሁ ከውስጥ ጠራችኝ። የጠራችኝ ግን በስሜ አይደለም፣ ባንቺ ስም ነው። ያንቺን ስም ከእማዬ አፍ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በልጅነቴ ነው። ተሳስታ ይሁን አውቃ አላወቅሁም። እርማትም አላደረገችም፣ እኔም አላረምኳት። አቤት ብዬ ገባሁ። ፎቶግራፍሽን ከሣጥኑ ሥር አውጥታ የት እንስቀለው ትለኝ ነበር። ሚስማር ከመደብር አመጣለሁ አልኳት። ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀመን አለች፣ ያ ሁሉ ሚስማር።

አሁን ክፍሉ ፈርሷል። ጣውላዎቹ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው አየኋቸው፣ የአልጋ ርብራብ ይመስላሉ። ባለካሴቱ ጡረታ ወጡ፤ ሲሰናበቱኝ ያንን ያልወሰድሽውን የድሮ ቅጂ ሰጡኝ። የማጫወቻው ማሽን ግን በቤታችን የለም። ማጫወት አያስፈልገኝም፣ ከፎቶግራፉ ሥር አስቀምጬዋለሁ። አዲሱ ኮምፒዩተር ላይ የሚናገረው ሰው ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ምንም አይጠብቀኝም፣ ሁልጊዜ ያመልጠኛል። ልጆቹ እንኳ ሴትየዋ ትሻለን ነበር ማለት ጀምረዋል። ነጠላ ሰረዝ በመጪው ሳምንት የቃል ፈተና ይሰጠናል። ፊቱ ቆመን መናገር ነው። ከመናገሬ በፊት የሱን ጠረጴዛ በጣቴ አንድ ጊዜ ብነካ የሚከፋው አይመስለኝም፤ ነጠላ ሰረዝ ራሱ ትንፋሽ የሚወስድ ሰው ነው።

የእማዬ ግራ ጆሮ እየከዳት ነው። እሑድ እሑድ ሳህኑን አሁንም እናወጣለን። በቅርቡ እርሳሱን ብቻ ነው የምትሰማው፣ ከዚያም እሱንም አትሰማውም። ያኔ መዳፏን ይዤ በጣቴ እነግራታለሁ። አንቺ ስትጨርሺ አንድ ጊዜ ነካ አደርጋታለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። ይህንን ቃል እገባልሻለሁ። ተራዋ አያልፋትም።

ባለሱቁና ቀለም ሻጩ ታርቀዋል መሰለኝ፣ ሳቃቸው ይሰማኛል። ልነሣ ነው። ከዚህ በታች ግማሹን ገጽ ባዶ የተውኩት ወረቀት ልቆጥብ ብዬ ወይም ቃል አልቆብኝ አይደለም። አሁን እርሳሴን የሚስማር ሣጥኑ ላይ አደርገዋለሁ፣ አንድ ጊዜ።

መዘግየት ትችያለሽ። መጠበቅ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

ታናሽሽ

ጠቅ።